ሁለቱ የመጋቢት 22 ቀኖች፤ ስለ ጦር አይሮፕላንና ስለ ጦር መርከብ በላስታ ደጋ

ከላስታ ተራሮች ራስ ላይ ሁነው ዙሪያውን ቢመለከቱ ባሕር አይታይም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ዳሩ ግን ከዚያ ላይ የቆመ ሰው ወደ ምሥራቅ ቢያይ ዓይኑ የሚያርፈው በገደልና በቆላ ላይ እንጂ በቀይ ባሕር ላይ አይደለም። የዚህ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ የመርከብን ነገር የተማረው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ ይኸውም ርዝመቱ 300 ክንድ፥ ወርዱ 50 ክንድ፥ ቁመቱ 30 ክንድ የሆነው የኖኅ መርከብ ነው። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ቤተ ጊዮርጊስንም በዚያው መርከብ አምሳል የታነጸ ነው ብለው የሚተረጕሙ አሉ። የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ከላይኛዎቹ ተለይተው የተደፈኑ መሆናቸውን ያየ ሰው፥ ውሃ እንዳይገባ የተመረገችውን የመርከብ ደርብ ማስታወሱ አይቀርም።

ስለዚህ የጦር መርከብንና የጦር አይሮፕላንን ታሪክ መመርመር ለደጋ አገር ሰው ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ትምህርት ለባሕር ዳር አገሮችና ፋብሪካ ለበዛላቸው ሕዝቦች የተተወ ነው እያሉ የሚያልፉት አዋቂዎች ጥቂት አይደሉም። ነገሩ ግን እንደ ሚመስለው አይደለም። በላስታና በዙሪያዋ ባሉት አውራጃዎች ላይ የደረሰው ታላቅ መከራ የተወሰነው በምድር ላይ ብቻ ሳይሆን፥ አንድ ጊዜ ሩቅ ባለ ባሕር ላይ፥ ሁለት ጊዜ ደግሞ በራስዋ ሰማይ አጠገብ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመውም ሁለቱ የሰማይ ጦርነቶች በስድስት ዓመት ተራርቀው በአንድ ዕለት፥ በመጋቢት 22 ቀን፥ መዋላቸው ነው።

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ/ም ነው። እርሱም ፖቴዝ 25 የሚባል ፈረንሳይ ሠራሽ ሲሆን፥ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከጅቡቲ አብርሮት መጥቶ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለው በገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፈው። ይህን ዓይነት አይሮፕላን በሥዕልም ቢሆን ያየ ሰው አይረሳውም። ሁለት ክንፍ አንዱ ባንዱ ላይ የተነጠፈለት፥ አካሉ አብዛኛው ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፥ አብራሪውና ጓደኛው ራሳቸውን ለነፋስ ሰጥተው ፊትና ኋላ የሚቀመጡበት ነው። የሞተሩ ኃይል 450 ፈረስ ያህል ነበረ። ፈረንሳዮች ከዚህ ዓይነት ከ2 ሺህ በላይ ሠርተዋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ የመጣው ሁለተኛው፥ ዩንከርስ ደብልዩ 33 የተባለው የጀርመን አይሮፕላን፥ ከዚህ ፈጽሞ ይለይ ነበር፤ ክንፉ አንድ ብቻ ሲሆን ሁለመናው እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ከተሸበሸበ ብረት መሰል ማዕድን የተሠራ ነበረ። የዚሁ ዓይነት ወንድም የሆነ ብሬመን የተባለ አይሮፕላን በሚያዝያ 1920 ዓ/ም ከአየርላንድ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በማቋረጥ የመጀመሪያው ሁኗል። እንግዲህ አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ የተቀበለችው አሮጌ ዕቃ አልነበረም፤ ዓለም በዚያው ሰሞን የተደነቀበትን ሥራ ነው።

ይህን ሥራ በደጋ አገር ላይ ማብረር ግን ሌላ ጥበብ ይፈልጋል። አይሮፕላን የሚነሣው ክንፉ አየርን ሲደገፍ ነው፤ ሞተሩም የሚነድደው አየርን እየሳበ ነው። በላስታ ደጋ፥ በ2 ሺህ 500ና በ3 ሺህ ሜትር መካከል፥ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ይጎድላል። ስለዚህም በጅቡቲ ዳር በቀላሉ የሚነሣው አይሮፕላን ከደጋ ሲነሣ ረዥም ሜዳ ይፈልጋል፥ የሚሸከመውም ጭነት ያንሳል። በሬ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ትንፋሹ እንደሚያጥረው ማለት ነው።

እነዚህ አይሮፕላኖች ከመጡ ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ጦርነት ገቡ። ያን ጊዜ የበጌምድር ገዢ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ፥ የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት የነበሩ፥ መጻሕፍትን የሚወዱና የሚመረምሩ ሰው፥ ከአልጋ ወራሹ ከንጉሥ ተፈሪ መኰንን ጋራ ተጣልተው ጦር አስከተቱ። የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። ሁለቱ ሠራዊት የተገናኙት በጌምድርና የላስታ ወገን በሚዋሰኑበት በደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ፥ በአንቺም ሜዳ ላይ፥ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ/ም ነው።

ለካህናት አንባቢዎች ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ከጦርነቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የሆነው ነው። አይሮፕላኑ መጀመሪያ በራስ ጉግሣ ሰፈር ላይ የጣለው ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነበረ። በወረቀቱም ላይ ራስ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ መሆኑ ተገልጦ ነበር። ውግዘት ከዚያ በፊት በዐዋጅ፥ በመስቀልና በካህን አፍ ይነገር ነበረ እንጂ ከሰማይ ወርዶ አያውቅም። ያን ቀን በሜዳው ላይ የቆመ ወታደር፥ ማንበብ የማይችለው እንኳ ሳይቀር፥ ወረቀቱን አንሥቶ ሲያገላብጥ ምን እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም። ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ ወዲያ የብዙው ሰው ልብ መከፈሉን ይናገራሉ። መጋቢት 22 ቀን ግን የወረደው ወረቀት ሳይሆን ቦምብ ነበረ። ራስ ጉግሣ በዚያው ሜዳ ላይ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 24 ቀን፥ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ።

ስለ አንቺም ጦርነት ሲነገር አይሮፕላኑ ሁሉን እንዳደረገው አድርገው የሚተርኩ አሉ። ይህ የተጋነነ ነው። የእነዚያ ዘመን አይሮፕላኖች የሚሸከሙት ቦምብ ጥቂትና ቀላል ነበረ፤ ድሉን ያመጣው ይልቁን የደጃዝማች ሙሉጌታ መትረየስና እግረኛ ነው። አይሮፕላኑ የሰበረው ግድግዳ ሳይሆን ልብን ነው። ደግሞም ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ በኢትዮጵያ ሰማይ የመጀመሪያው ቦምብ የወደቀው ከኢትዮጵያ መንግሥት አይሮፕላን፥ በኢትዮጵያውያን ላይ ነው። የጦር አይሮፕላንን ታሪክ የሚወድ ሰው ይህን ቀን ዘሎ ቢያልፍ ታሪክን አልወደደም፤ የወደደው ሞተሩን ብቻ ነው።

ከአንቺም እስከ ማይጨው ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ አየር ኃይል ለማቋቋም የሞከረችው ጥቂት አልነበረም። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ከአሜሪካ ጥቁሮች ወገን የሆነው ጆን ሮቢንሰን በ1927 ዓ/ም ወዶ መጥቶ በአዲስ አበባና በጦር ግንባሮች መካከል መልእክት እያመላለሰ ያገለግል ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ግን በመንግሥት እጅ የነበሩት አይሮፕላኖች ከአሥራ ጥቂት የማይበልጡ፥ ብዙዎቹም ያረጁ፥ ለመላላኪያ እንጂ ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። ይህ ለምን ሆነ ቢባል መልሱ የሚገኘው በሰማይ ሳይሆን በባሕር ላይ ነው።

የመጻሕፍት ሊቃውንት እንደ ሚያውቁት ኢትዮጵያ ሁልጊዜ ባሕር ያልነበራት አገር አይደለችም። በ6ኛው መቶ ዓመት የናግራን ክርስቲያኖች በግፍ በተገደሉ ጊዜ ዐፄ ካሌብ ከአዱሊስ ወደብ ተነሥተው ባሕሩን ተሻግረዋል። በጊዜው የተጻፈው የሰማዕታቱ ታሪክ ከልዩ ልዩ ወደቦች የተሰበሰቡ 60 መርከቦች፥ ንጉሡ ራሳቸው ያሠሯቸው ደግሞ 10 እንደ ነበሩ ይቈጥራል። ፕሮኮፒዮስ የተባለው የቢዛንጥያ ታሪክ ጸሐፊም የዚያ ባሕር ጀልባዎች በብረት ሚስማር ያልተመቱ፥ ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ መሆኑን ጽፏል። ሰባት አሥር መርከብ! የጦር መርከብን ታሪክ የሚወድ ሰው ስለ ሌሎች አገሮች ታላላቅ መርከቦች ከማንበቡ በፊት በዚህ ላይ ጥቂት ቢቆይ አይጸጸትም። ከዚያ ወዲህ ግን ምጽዋን በ1549 ዓ/ም ቱርክ ያዘ፤ ቆይቶም ወደ ግብጽ፥ በ1877 ዓ/ም ደግሞ ወደ ኢጣልያ እጅ አለፈ። ወደብ የሌለው መንግሥት አይሮፕላንና መድፍ የሚገዛው ሌላው ሲፈቅድለት ብቻ ነው፤ በጭንቁ ሰዓት ግን ሌሎቹ ዕቀባ አደረጉበት።

በ1927 ዓ/ምና በ1928 ዓ/ም መጀመሪያ የኢጣልያ መርከቦች በመቶ ሺህ የሚቈጠር ወታደር፥ ከነበቅሎው፥ ከነመኪናውና ከነቦምቡ ጭነው በስዊዝ ቦይ እያለፉ ወደ ምጽዋ ያወርዱ ነበር። ጊዜው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል የሜዲትራንያን ጌታ የነበረበት ነው። በመስከረም 1928 ዓ/ም ሁድና ሪናውን የተባሉት ሁለት ታላላቅ መርከቦቿ ወደ ጂብራልታር መጥተው መልሕቅ ጣሉ። ሁድ በዚያን ጊዜ ከዓለም የጦር መርከቦች ሁሉ ስሟ የገነነ፥ ስምንት ባለ 15 ኢንች መድፍ የተሸከመች ነበረች። ኢትዮጵያውያን ይህን በሰሙ ጊዜ ተስፋ አደረጉ። መርከቦቹ ግን ቆሙ እንጂ አልተንቀሳቀሱም። ቦዩ በጦርነትም ሆነ በሰላም ጊዜ ለሁሉ ክፍት ይሁን የሚለው የ1881 ዓ/ም የቁስጥንጥንያ ውል ተጠቅሶ ለኢጣልያ ሳይዘጋባት ቀረ፤ ነዳጅ ዘይትም አልተከለከለባትም። የኢትዮጵያ ዕድል አንድ ጥይት ሳይተኰስ የተወሰነው በዚያ ጠባብ ውሃ ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የመርከብ ታሪክ ወዳጆች የሁድን ውበት ሲያደንቁ ይህንም አብረው ቢያነሡት መልካም ነው። እርስዋም ግንቦት 16 ቀን 1933 ዓ/ም፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ በ19ኛው ቀን፥ ቢስማርክ ከተባለው የጀርመን መርከብ ጋራ ስትዋጋ ፈንድታ ሰጠመች፤ ከመርከበኞችዋ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው።

ከባሕር የወረደው ጭነት ወደ ሰማይ ወጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ/ም የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ከሆስፒታሉም ላይ ቦምብ ወደቀ። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኵሱ የሚታዩበት ሥዕል የተነሣው በዚያን ቀን ነው። ስንክሳርን የሚያነብ ካህን ኅዳር 26 የናግራን ሰማዕታት መታሰቢያ፥ የሐይቁ የአባ ኢየሱስ ሞዐም ዕረፍት መሆኑን ያውቃል። በዚያው ወቅት የመርዝ ጋዝ ተጀመረ። ሲ 500 ቲ የተባለው ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ኢፔሪት የሚይዝ ሲሆን፥ መሬት ሳይደርስ በአየር ላይ ፈንድቶ መርዙን እንደ ጠል ያርከፈክፈው ነበር። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ እንዳይዋጉ የሚከለክለውን የ1917 ዓ/ም የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ1988 ዓ/ም ነው።

በእነዚህ ወራት ከሞቱት ታላላቅ ሰዎች መካከል የአንቺሙ ድል አድራጊ፥ በኋላ ራስ የሆኑት ሙሉጌታ ይገዙ ይገኙበታል። በዐድዋ የዋሉት ሽማግሌ በየካቲት 1928 ዓ/ም በአምባ አራዶም ላይ ለብዙ ቀን በመድፍና በአይሮፕላን ሲደበደቡ ሰንብተው፥ ጦራቸው ተሰብሮ ወደ ደቡብ ሲመለሱ፥ አይሮፕላኖች በሚያሳድዱት መንገድ ላይ ልጃቸው ከሞተ በኋላ እርሳቸውም ወደቁ። በኢትዮጵያ ምድር በአይሮፕላን እየታገዙ የመጀመሪያውን ጦርነት ያሸነፉት የጦር አለቃ መጨረሻቸው ይህ ሆነ። በዚያው ሰሞን፥ በየካቲት 25 ቀን፥ በኮረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሰፈር፥ ምልክቱ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ሳለ፥ ተደበደበ።

ከዚያም ሁለተኛው መጋቢት 22 መጣ። በ1928 ዓ/ም በማይጨው የክቡር ዘበኛና የመኳንንቱ ጦር ከንጋት ጀምሮ ተዋጋ፤ ምሽጉን ግን ሰብሮ ማለፍ አልቻለም። ቀኑ የዐቢይ ጾም ሲሆን፥ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ጥንተ ሆሣዕና የሚባለው ነው፤ የአንቺምም ቀን እንዲሁ በጾም ውስጥ ነበረ። በማይጨው ላይ ከሞተው ይልቅ በማፈግፈጉ መንገድ ላይ የሞተው እጅግ ይበዛል። መጋቢት 26 ቀን ሠራዊቱ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲያልፍ አይሮፕላኖች አገኙት። የቦታውን መልክ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ በአንድ ወገን ውሃ፥ በሌላው ወገን ተራራ፥ በመካከሉ ዛፍ የሌለበት ገላጣ ሜዳ። ከላይ የሚያይ ሰው በነጭ ሸማ የለበሰ ሕዝብ በዚያ መንገድ ሲሄድ ለማየት መነጽር አያስፈልገውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ወደ ላስታ ዞሩ። የጠላት ዓይን በሰማይ ስለ ነበረ መንገዱ በሌሊትና በገደል ውስጥ ሆነ፤ በሚያዝያ መጀመሪያም ላሊበላ ደርሰው ከአለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ጸሎት አደረጉ። በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ነበረ። እዚህ ላይ ታሪክ ወዳድ ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ሌሎቹ የኢትዮጵያ አድባራት ከኮረብታ ራስ ላይ ሁነው ከሩቅ ይታያሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን ጣራው ከመሬቱ ጋራ የተስተካከለ፥ አጠገቡ እስኪደርሱ የማይታይ ነው። ያሳነጹት ንጉሥ ስለ አይሮፕላን አላሰቡም፤ ይሁን እንጂ በዚያች ሳምንት ለተሰደደ ንጉሥ ከዚህ የተሻለ መጠለያ በአገሩ ሁሉ አልነበረም። ደሴ በሚያዝያ 7 ቀን በጠላት እጅ ስለ ወደቀች ጉዞው በወረኢሉ አድርጎ ወደ ሸዋ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደገና ወደ ባሕር ይመለሳል። ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ/ም ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው በአራተኛው ቀን ሃይፋ ወረዱ። ኢንተርፕራይዝ ፈጣን መርከብ ነበረች፤ በኋላም በታኅሣሥ 1936 ዓ/ም በቢስካይ ባሕር ከጓደኛዋ ከግላስጎው ጋራ ሁና ከጀርመን መርከቦች ሦስቱን አስጥማለች። ቦዩን ላለመዝጋት የቆመው የባሕር ኃይል ንጉሠ ነገሥቱን ለማውጣት መርከብ አላጣም። በሰኔ 1932 ዓ/ም ከእንግሊዝ ወደ እስክንድርያ የመለሳቸው ግን አይሮፕላን ነው፤ ያውም ሰንደርላንድ የሚባለው፥ ሆዱ እንደ መርከብ የተሠራ፥ ከውሃ ላይ ተነሥቶ በውሃ ላይ የሚያርፍ።

የምጽዋም ነገር እንዲሁ አስደናቂ ነው። መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ/ም ሱርድፊሽ የተባሉት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች፥ ኢግል ከተባለችው አይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወርደው ከፖርት ሱዳን እየተነሡ፥ ሳውሮና ማኒን የተባሉትን የኢጣልያ የጦር መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ አሰጠሙ። ሱርድፊሽ በሸራ የተሸፈነ፥ ሁለት ክንፍ የተደራረበለት፥ አዝጋሚ አይሮፕላን ነው፤ መልኩ በገፈርሳ ካረፈው ከፖቴዝ ብዙም አይርቅም። ከአምስት ቀን በኋላ ምጽዋ እጅዋን ሰጠች። ኢጣልያውያን ወደቡን ለመዝጋት በገዛ እጃቸው ያሰጠሟቸውን መርከቦች ለማንሣት አሜሪካዊው ኤልስበርግ በ1934 ዓ/ም ብዙ ደከመ።

በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት ላስታ ዝም አላለችም። የራስ ካሣ ልጅ ደጃዝማች ወንድወሰን በዚያ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ/ም ተይዘው ተገደሉ። በ1929 ዓ/ም ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግንና ላስታን አስነሥተው በመስከረም 1930 ዓ/ም በጦርነት ወደቁ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ አይሮፕላን ከተራራው ራስ አልራቀም፤ ሕዝቡም ከዋሻ ዋሻ እየተዘዋወረ መኖርን ለመደ።

ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ ያሉ ካህናት የርስትን፥ የረኃብንና የንጉሥን ሞት ነገር በወንጌሉ ኅዳግ ላይ መጻፍ ልማዳቸው ነው። ስለ ሁለቱ መጋቢት 22 ቀኖች በደብረ ዘቢጥ፥ በኮረምና በላስታ አድባራት በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ ተገልብጦ ሊጠበቅ ይገባዋል። የአውሮፓ መዛግብት ስንት አይሮፕላን እንደ ተነሣና ስንት ቦምብ እንደ ተጣለ ይናገራሉ። ቦምቡ በማን ላይ እንደ ወደቀ የሚያውቀው ግን አጥቢያው ነው። በየወረዳው ያሉ ሹማምንትም ለዚህ ሥራ አንድ ጸሐፊና ጥቂት ወረቀት ቢሰጡ ወጪው ከባድ አይሆንም። በማይጨው ለወደቁት መታሰቢያ ሲደረግ፥ በአንቺም በሁለቱም ወገን የወደቁት እንዲሁ የአንድ አገር ልጆች መሆናቸው ቢታወስ ነገሥታቱን ማሳነስ አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ በላስታ ላይ የበረሩት አይሮፕላኖች ሌላ ጠባይ ነበራቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ/ም ወደ ካይሮ ሥራውን የጀመረው ሲ 47 በሚባሉት፥ በአውሮፓ ጦርነት ወታደር ሲያመላልሱ በነበሩት አይሮፕላኖች ነው። የእነዚሁ ወገን የሆኑት ዲሲ 3ዎች በኋላ ዘመን በላሊበላ አጠገብ በአፈር ሜዳ ላይ እያረፉ ተሳላሚና ጎብኚ አወረዱ። በ1977 ዓ/ም ረኃብ ጊዜም የእንግሊዝና የጀርመን የጦር ማመላለሻ አይሮፕላኖች በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ጣሉ።

በ1928 ዓ/ም ለቀይ መስቀል ቁስለኛና መድኃኒት ሲያመላልስ የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ በቢሾፍቱ ለአሥር ዓመት ያህል ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አስተማረ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ/ም በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፥ ለተራቡ ሰዎች እርዳታ ሊያደርስ ሄዶ ሳለ በጎዴ ተገደለ።